በባሌ ስም የሰጠሁት ናሙና

ይህ የሆነው ከአምስት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ቤታችን ውስጥ ነው። የማልረሳው ባለቤቴ መኳንንት ስለሞተ ብቻ አይደለም። በሙት ዓመቱ የሚመጣው ሰው ሁሉ "ታጋሽ ነበር፣ ውሸት ከአፉ አይወጣም ነበር" እያለ ሲያወራ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ እቀመጣለሁ። የማለቅስ ይመስላቸዋል። አንዳንዴ አለቅሳለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ሳቄን ነው የምይዘው።

መኳንንት አናጢ ነበር። ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው የሰው ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ከጣራ ወደቀ። ባሕር ዳር ወሰድነው። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ውስጡ ያለውን ሕብለ ሰረሰር ጎድቶታል አሉን። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም፣ አይሰማውም፤ ሽንቱም በቱቦ ሆነ። ለበዓሉ የገዛው ቡናማ ጫማ ሳይደረግ ከነካርቶኑ አልጋ ስር ቀረ።

ወደ ቤት ከመለስነው በኋላ ዶክተር ሰላማዊት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከባሕር ዳር በየወሩ እየመጣች ደሙን ትቀዳ ጀመር። ሕብለ ሰረሰር ሲጎዳ የሰውነት መከላከያ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይሮጣሉ ብላ አስረዳችን። የሞተውን ያጸዳሉ፣ ለማዳን ይረዳሉ። አንዳንዶቹ ግን ሥራቸውን ጨርሰው አይሄዱም፤ እዚያው ተቀምጠው ጤነኛውን ክፍል ይጎዳሉ። የትኞቹ እንደሚጠቅሙ፣ የትኞቹ እንደሚጎዱ ቢታወቅ አንድ ቀን መድኃኒት ሊገኝ ይችላል።

"ለእርስዎ ይደርሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም፣ ጋሼ" አለችው።

የዚያን ቀን ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። ከማለዳ ጀምረው የተቀመጡ ነበሩ። አንዲት ወፍራም ጎረቤታችን አልጋው ላይ ቦታ አገኘሁ ብላ የመኳንንት እግር ላይ ተቀምጣለች። እሱ አይሰማውም፤ ያየው ቀና ሲል ነው።

"ገባኝ" አላት ዶክተሯን። "ሊጠይቁ መጥተው የማይሄዱትን ማለትሽ ነው። እኚህን እትዬን ከእግሬ ላይ የሚያስነሣ መድኃኒት ብታገኚ፣ እኔን ባያስነሣኝም ይበቃኛል።"

ጎረቤታችን ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። ዶክተሯ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጃችን ሆነች።

ሰኔ ላይ ስትመጣ ፊቷ እንደወትሮው አልነበረም። በደሙ ውስጥ አንዱ ዓይነት ነጭ ሕዋስ በጣም ጨምሯል፤ በምታጠናቸው ሌሎች ታማሚዎች አላየችውም።

"ደግ ነው ክፉ?" አልኳት።

"አላውቅም። መጀመሪያ ሌላ ምክንያት እንዳይኖረው ማጣራት አለብኝ። ይህ ዓይነት የአንጀት ትል ሲኖርም ይጨምራል። ጋሼ፣ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ?"

"እኔ?" አለ መኳንንት፣ እንደተበደለ ሰው እያያት። "ከወደቅሁ ወዲህ ጥሬ ሥጋ አልነካሁም።"

እኔም አመንኩት። ዶክተሯ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችንና የሰገራ ናሙና ለነገ ጠዋት አዘጋጁልኝ ብላ ወደ ማረፊያዋ ሄደች። ስሙን በእጇ ጽፋበታለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከወገቡ በታች የማይሰማውን ሰው ያስታመመ ያውቀዋል፤ ያ ነገር በትእዛዝ አይመጣም። መኳንንት ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ አፍሯል። "ይህችን የመሰለች ልጅ ይኸን አስይዤ ልሰዳት? ሞቼ ነው!" ይላል።

ጠዋት ዶክተሯ ደጅ ደረሰች። ሚኒባሱ መንገድ ዳር ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። የናሙናዋ ዕቃ ባዶ ናት።

"በይ አንች ስጫት" አለኝ።

"የኔን?"

"ምን ልዩነት አለው? ሠላሳ ዓመት ከአንድ መሶብ ነው የበላን።"

እንግዲህ እኔ ሃያ ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢጽፍልኝ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ነበር የማሰምርበት። የዚያን ጠዋት ግን፣ ጥሩምባው ሲደጋገም፣ እውነትም ምን ልዩነት አለው አልኩ። የምንበላው አንድ፣ የምንጠጣው አንድ። ዕቃዋን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በመኳንንት ስም የኔ ጉድ ባሕር ዳር ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ደወለች። "ትል የለም!" አለች። ወዲያው ደግሞ "ተስፋ አታድርጉ፣ ገና ነው" አለች። ድምጿ ግን እሷ ራሷ ተስፋ እንዳደረገች ይናገር ነበር።

እኛማ ምን ይይዘናል! መኳንንት አውራ ጣቴን ሞቀኝ አለ። ጫማውን ከካርቶኑ አስወጣኝና መስኮቱ ላይ፣ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ አስቀመጥኩት። አቧራ ያልነካውን ጫማ በየጠዋቱ እወለውላለሁ።

"ስትነሣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት።

"ጋፋት እሄዳለሁ፣ በእግሬ። አባቴ መሬት ላይ ከተከልኳት ባሕር ዛፍ ስር ቆሜ እሸናለሁ። ቆሜ! ያለ ቱቦ!"

"ይህም ስለት ሆኖ? ሰው ለታቦት ጃንጥላ ይሳላል።"

"ታቦቱ ጃንጥላ ሞልቶታል" አለኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጠዋት ላገላብጠው ብርድ ልብሱን ስገልጥ አንሶላው ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ጠፍጣፋ ነው፣ ጥፍር ያህላል። የጨርቅ ቁራጭ መስሎኝ ላነሣው ስል ተንቀሳቀሰ። ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም። የኮሶ ትል ቁራጭ ነበር።

"መኳንንት።"

"አቤት።"

"ከወደቅክ ወዲህ ጥሬ ሥጋ አልነካህም?"

ቆርቆሮ እንደሚቆጥር ሰው ጣራውን ሲያይ ቆየ።

"በእጄ አልነካሁም" አለ። "ውበቱ ነው የሚያጎርሰኝ።"

አያ ውበቱ የልብ ጓደኛው ነው፤ ሉካንዳ ቤት አለው። ከፋሲካ ጀምሮ በየእሑዱ፣ እኔ ቅዳሴ ቆሜ ለመኳንንት ምሕረት ስለምን፣ እሱ ቁርጡንና አዋዜውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ይገባል። አጉርሶት፣ አፉን በሎሚ ውኃ አስጉመጥምጦት፣ እኔ ስመለስ ሁለቱም እንደ መነኩሴ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁኛል። እኔም "ተባረክ አያ ውበቱ፣ ብቻውን አልተውከውም" እያልኩ ስመርቀው ከርሜያለሁ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኔ ጫማው ላይ አረፈ። የሰኔው ደም፣ የዶክተሯ ደስታ፣ የሞቀው አውራ ጣት፣ ሁሉም ከዚህች ጥፍር ከምታህል ነገር ነበር የመጣው። መኳንንትም ገብቶታል።

"አትንገሪያት" አለኝ።

"ልጅቷ እኮ ሥራዬ ብላ ይዛዋለች።"

"ተመልሳ እስክትመጣ ብቻ ተይኝ። ሁለት ሳምንት ናት። ትነሣለህ ያለኝ እስከ ዛሬ ይኸ ትል ብቻ ነው።"

ቁራጯን በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ከትቼ ደበቅኋት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለታችንም እያወቅን፣ እሱ ጣቴ ሞቀኝ ይላል፣ እኔ ጫማ እወለውላለሁ። ስለ ጋፋት መንገድ እናወራለን፤ የቱ ጋ ጭቃ አለ፣ የቱ ጋ ያርፋል። ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ተደስቶ አላየሁትም።

ዶክተሯ ወረቀቷን አቅፋ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣች። ሳትቀመጥ ነው ወሬ የጀመረችው። ለውጡን በሌሎቹ ታማሚዎችም ልትፈልገው ነው። ከእያንዳንዱ በየሳምንቱ ደም ይቀዳል፤ ሁለት ዓመት ሳይፈጅ አይቀርም።

"ስንት ሰው ናቸው?" አላት መኳንንት።

"ብዙ ናቸው ጋሼ። እንደ እርስዎ የተኙ።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ጫማውን አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንች፣ ያችን ብልቃጥ አምጫት" አለኝ። "ያን ሁሉ ሰው ሁለት ዓመት በውበቱ ቁርጥ ልታደማው ነው።"

አመጣሁላት። ወደ ብርሃን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ምን እንደሆነች መንገር አላስፈለገኝም።

"ናሙናው ግን ንጹሕ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

እኔ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። "ናሙናው የኔ ነው" አልኳት።

"እትዬ፣ እርስዎ የሳይንስ መምህር አልነበሩም?"

"ነበርኩ።"

ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ጣለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች። እኛም አብረናት ሳቅን። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ላይ የነበረው የሳቅ እንባ ብቻ አልነበረም።

"አይዞሽ ልጄ" አላት መኳንንት። "እሱም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነው። መጣ፣ በላ፣ አልሄደም።"

ኪኒን አዘዘችለት፣ ትሉ ወጣ። በሚቀጥለው ወር የዚያ ሕዋስ መጠን እንደማንኛውም ሰው ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ ይህን ነግራን ከሄደች በኋላ መኳንንት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ መልሽው" አለኝ።

ቀልድ ይጨምርበታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረበትም። በሕይወቴ ከሁሉ የከበደኝ ቀን ያ ነው፤ ከሞተበት ቀን ይልቅ።

የሞተው በዓመቱ ነው፣ በሽንት ቱቦው በኩል የገባ ኢንፌክሽን ገደለው። ዶክተር ሰላማዊት ለቅሶ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥናቱ አሁንም እንደቀጠለ፣ መድኃኒቱ ገና እንዳልተገኘ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ "አሁን ባልን ከጠየቅሁ በኋላ ሚስትን ለብቻዋ እጠይቃለሁ። ናሙናውንም እስኪመጣ ደጅ ተቀምጬ ነው የምጠብቀው" አለችኝ።

"ሦስት ቀን ቢፈጅስ?"

"ሦስት ቀን እጠብቃለሁ።"

ሁለታችንም በነጠላችን ተሸፈንን። አልቃሾቹ ትከሻችን ሲንቀጠቀጥ አይተው ይበልጥ አለቀሱ።

ዛሬ ሳስበው በናሙናው አፍራለሁ። ሌላ ሰው ላይ ሊደርስ ይችል የነበረውን ሳስብ አሁንም ፊቴ ይሞቀኛል። ሁለቱን ሳምንት ዝም በማለቴ ግን አልጸጸትም። ስሕተት እንደነበረ አውቃለሁ፤ እንደገና ቢመጣም ዝም እላለሁ።

ባለፈው ጥር ጫማውን ከካርቶኑ አወጣሁት። አያ ውበቱ ስጭኝ ብሎኝ ከልክዬው ነበር። ሁለት ካልሲ ደርቤ አጠለቅሁትና በእግሬ ወደ ጋፋት ሄድኩ። መንገድ ላይ አንድ ገበሬ ቆሞ አየኝ።

"እትዬ፣ የማን ጫማ ነው?"

"የባሌ።"

"እሱሳ?"

"ከኋላ ነው" አልኩት።

ባሕር ዛፏ አለች፤ ወፍራለች። ስሯ ትንሽ ቆምኩ። ተረከዜ ተላልጦ እያነከስኩ ተመለስኩ። በመንገዴ ሉካንዳ ቤቱ ጋ ቆም ብዬ ለአያ ውበቱ የስለቱን ግማሽ እንዳደረስኩ፣ የቀረው ግማሽ ግን ለእኔ እንደማይሆን ነገርኩት። ምን እንደሆነ ስነግረው ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አያ ውበቱ ደጄ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጋቢው ስር ምንም አልያዘም። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"አደረስኩለት" አለኝ።