የሩፋኤል ዝናብና የጣልያኑ ብረት

ሰሞኑን ማርቆስ ከተማ ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ የቤታችን ቧንቧ እንደ ሽማግሌ ይስል ጀመር። የልጅ ልጄ ደንግጣ ልትዘጋው ስትል «ተይው፣ አየሩ ይውጣለት» አልኳትና ቁጭ አልኩ። ድምፁ ብቻውን አደከመኝ።

በጣልያን ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ ከአንድ ጣልያን ሹም ቤት ልብስ አጥብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያ ደሴ ደግሞ የምድር ቤቱን እሳት ያነድዳል። እዚያ በትልቅ በርሜል የፈላው ውኃ በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ የቆሙትን ብረቶች ያሞቃል። ሮብ ገበያ መንደር ያለው ቤታችን ተቃጥሎ እናታችን ዘመድ ተጠግታ ስለነበር፣ እህል የምንልክላት ከዚያው ቤት ሠርተን ነው።

ጳጉሜ ገባና ሩፋኤል ዕለት ዘነበ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ወጥተን ተጠመቅንበት። አያ ደሴን ግን ይህ አልበቃውም። ሹሙ ለግዳጅ ወጥቶ ስለነበር፣ እሳቱን አጥፍቶ በርሜሉንም ቧንቧውንም ባዶ አደረገና በጋን ያጠራቀመውን ዝናብ ሞልቶበት እሳቱን መልሶ አነደደ።

«ይህ ቤት ደም አለበት። እኛም የምንውለው እዚሁ ነውና ጠበሉ ያንጻው» አለኝ። እኔም መልካም መሰለኝ።

ሹሙ ሲመለስ ቧንቧው ይንጓጓል፣ ግድግዳው ይንኳኳል፣ የመኝታ ቤቱ ብረት በረዶ ሆኗል። ውጭ የጮቄ ብርድ አጥንት ይሰብራል። አስተርጓሚው ወንድሜን ጠራው።

«ዱር ላሉት ሽፍቶች ብለህ ነው ያበላሸኸው ይልሃል። እስኪመሽ ካልሞቀ እስር ቤት ነህ።»

ከዚያ እስር ቤት የተመለሰ ሰው አናውቅም ነበር። አያ ደሴ ደረጃው ላይ ዘፍ አለ።

«ጠበል ጨመርኩበት ብል ማን ያምነኛል?»

«አያ» አልኩት፣ «መካኒኩ እነዚህን ብረቶች ሲተክል አይተህ የለም? ውኃ ከሞላበት በኋላ ምን አደረገ?»

«ከየብረቱ አናት ያለችውን ትንሽ ብሎን እየፈታ ያስተነፍስ ነበር» አለ።

እሳቱን አዳፍነን ከታችኛው ፎቅ ጀመርን። እኔ ብሎኑን በመፍቻ ላላ አደርጋለሁ፤ ብረቱ እስስ እያለ የታፈነውን አየር ይተፋል፤ የዛገ ውኃ ሳህኔን ሲመታ እዘጋለሁ። እሱ የጎደለውን ለመሙላት ገንቦ አዝሎ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ይመለሳል። በጥሬ የከረመ ጉልበት ነው፣ ምን ያህል ይሄዳል? የሹሙ መኝታ ቤት ስንደርስ መፍቻውን በሁለት እጄ ነበር የማዞረው። ያ የመጨረሻው ብረት ተነፈሰ፣ ተነፈሰ፣ አልጨርስ አለ። ወንድሜ ተንበርክኮ «አባቴ ሩፋኤል» ይላል። በስንት ጭንቅ ውኃው መጣ። አያ ደሴ ወርዶ እሳቱን አነደደ።

ሹሙ ሲመሽ ብረቱን ዳሰሰው፤ ሞቋል። ቦት ጫማውን አወለቀና እግሩን ሰቀለበት፤ በእጁ ሂዱ አለን። እናታችን በሰው ጎጆ ስትንዘፈዘፍ የጠላታችንን እግር ለማሞቅ እንዲያ መልፋታችን አንገሸገሸኝ። ለማልቀስም አቅም አልነበረኝም።

«ነይ እህቴ፣ እራት እንብላ» አለኝ አያ ደሴ።

ዛሬ ወጣቶቹ በጣልያን ጊዜ ምን ጀብዱ ሠራችሁ ይሉኛል። የምነግራቸው ጀብዱ የለኝም። ወንድሜ ግን አርጅቶ፣ ልጆቹ ከብበውት፣ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ።