መዝገበ ቃላቱ እኛ ቤት የገባ ዕለት

መዝገበ ቃላት ባየሁ ቁጥር አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የወረቀት ሽታ አይደለም፤ የተቆላ ሽምብራ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እናቴን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይስቃል።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ጭቃውን እየታገልን ነበር የምንደርሰው። የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር ይበልጣል አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ራን ብለው ጻፉና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁን። መሮጥ ነው ብለን ባንድ ድምፅ ጮህን፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር መጠየቃቸውም ገርሞን ነበር። እሳቸው ፈገግ ብለው፣ ይህች ትንሽ ቃል ከክፍሉ ተማሪ ቁጥር የበለጠ ትርጉም እንዳላት ነገሩን። ከቦርሳቸውም በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ። ሽፋን የሌለው፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ የትምህርት ቤቱ ብቸኛ መዝገበ ቃላት ነበር። በየተራ ወደ ቤታችን እየወሰድን፣ እያንዳንዳችን ሌላው ያላመጣውን አንድ ትርጉም ይዘን እንድንመጣ አዘዙን።

ወይ ጉድ፣ ያልተገኘ ነገር አልነበረም። አፍንጫ ሲያንጠባጥብ ራን፣ ሞተር ሲሠራ ራን፣ ሱቅ ማስተዳደር ራን፣ ሲታጠብ ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ ራን፣ ለምርጫ መወዳደርም ራን። የክፍል አለቃችን አበጀ እንግሊዞች ቃል ቸግሯቸዋል እንዴ እያለ ያሾፍ ነበር። መንገድ ላይ ንፍጡ የወረደ ሕፃን ካየን አለቀለት፣ ራን፣ ራን እያልን እናስለቅሰዋለን።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የሜዳው ገበሬ ሁሉ በእሷ ጋን ጠላውን ይጠምቃል፣ በእሷ ድስት ወጡን ይሠራል። እኛ ቤት ገብቶ እህል መቅመስ ግን ያኔ ወግ አልነበረም፤ ዕቃ ሊገዙ የሚመጡት ደጅ ቆመው ተከራክረው ይሄዱ ነበር። የማኅበሩ ጽዋ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር እልልታውን ከሩቅ እንሰማለን እንጂ ወደ እኛ ዞሮ አያውቅም። ታዲያ እኔ ሞኟ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ነው፣ በሁለት ሳምንት ለእኛም ተራ ይደርሰናል ብዬ ስነግራት ምን እንደገባት ልብ አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። እናቴ አዳዲስ የሸክላ ኩባያዎች ሠርታ ደጅ ደርድራለች። ምንድን ነው ብላት፣ መጽሐፉን ልንቀበል አይደል እንዴ፣ ባዶ ቤት ይገባል ወይ ብላ ተቆጣችኝ። መምህሩም፣ ተማሪውም፣ የተማሪው እናትም እንደ ማኅበርተኛ የሚመጡ መስሏታል። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ።

"በዕድሜዬ ተራ ሲደርሰኝ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።"

አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ጭንቀቴ በረታ። ጠላው ተጠምቆ፣ ሽምብራው ተቆልቶ ማንም ባይመጣስ? እናቴ ደጃፍ ቆማ መንገድ መንገዱን ስታይ ስትውል ይታየኝ ጀመር። መቻል ሲያቅተኝ ለመምህር ይበልጣል እያለቀስኩ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ እንባሽን ጥረጊ አሉኝ። ወዲያው ክፍል ገብተው፣ ተራዬ በሚደርስበት እሑድ እኛ ቤት ንባብ ስላለ ማንም እንዳይቀር ብለው ተናገሩ።

እሑድ ገሚሱ መጣ፣ ገሚሱን ቤተሰብ ከለከለው። የመጡትም መደቡ ላይ ተደርድረው ሽምብራውን ያዩታል እንጂ እጁን የሚሰድ የለም። መምህር ይበልጣል ቀድመው ዘግነው ቆረጠሙ፣ ጠላቸውንም ጨለጡ። አበጀ እጁን ሊዘረጋ ሲል እናቱ እትዬ ዘውዴ በሩ ላይ ደረሱ። ልጃቸውን ሊወስዱ ነበር የመጡት፤ ፊታቸው ይናገራል። ምስኪኗ እናቴ ግን ነጠላዋን እያስተካከለች ብድግ አለች።

"እትዬ ዘውዴ፣ ይግቡ እንጂ። እርስዎን ነበር የምጠብቀው።"

አልገቡም፣ አልሄዱምም። መምህሩ በይ አንብቢ አሉኝ። ያገኘሁትን ትርጉም አነበብኩ፤ ራን፣ የወንዝ ውሃ ሲወርድ። አበጀ ሳቀብኝ፣ እግር የሌለው ነገር እንዴት ይሮጣል አለ። መልሱ የመጣው ከበሩ በኩል ነበር።

"እንዴት አይሮጥ? አምና የርብ ወንዝ ሩዜን ይዞ ሲሮጥ መቼ ደረስኩበት?"

ሁላችንም አውካካን፤ እሳቸውም ሳቁ። መምህሩ መጽሐፉን ተቀብለው ከሥር በደቃቅ የተጻፈውን የቃሉን ጥንት አዩና፣ የድሮዎቹ እንግሊዞችም ቃሉን ለእግርም ለውሃም ይሉት እንደነበር ነገሩን። እትዬ ዘውዴ መጽሐፉን ሳያዩ አወቁት ሲሏቸው፣ ኩራት ኩራት ብሏቸው የበሩን ደፍ ተሻግረው ገብተው ነበር። እናቴ ኩባያውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ተቀበሉ፣ ትንሽ አዩት፣ ጠጡ። ጌሾው በርትቷል አሉ እንጂ ሌላ ምንም አልወጣቸውም። ከዚያ በኋላ ሽምብራው አፍታም አልቆየ።

የሚቀጥለው ተረኛ አበጀ ነበር። እናቴ መጽሐፉን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ለልጁ ሳይሆን ለእናቱ ዘረጋች።

"እንግዲህ ተረኛዋ እርስዎ ነዎት፤ ይረከቡኝ።"

እልልታዋንም አቀለጠችው። በሰው ፊት የተረከበ ደግሞ ሳይጠራ ቢቀር ነውር ነው፤ እትዬ ዘውዴ ምን ያድርጉ? በሁለተኛው እሑድ እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ እሳቸው ቤት መደብ ላይ ከሰው እኩል ተቀምጣ ዳቦ ስትበላ በዓይኔ አየሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም መናገር ያቅተኛል። ከዚያ ወዲያማ ነገሩ ሥርዓት ሆነ፤ መጽሐፉ የገባበት ቤት ሁሉ ይቆላል፣ ይጠምቃል፣ ይጠራል። እኛም ራንን ከነጥንቷ እስክንጨርስ ድረስ ሆዳችን ጎድሎ አያውቅም።

እናቴ አሁን ወረታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ሜሮን የቤት ሥራ ተሰጥቷት ይህችኑ ቃል ስልኳ ላይ ብትፈልግ፣ ትርጉሙ ሁሉ ወዲያው ተዘረገፈላት። እኛ ዓመት የፈጀንበትን! ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅርም አለኝ። እናቴ ከጎኗ ተቀምጣ ስልኩን ስታይ ቆየችና ጠየቀቻት።

"ከአንቺ ቀጥሎ ተረኛው ማነው?"

ሜሮን አልገባትም፤ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ለእናቴ እውነቱን ያን ጊዜም አልነገርኳት፣ አሁንም አልነግራትም። ሜሮንን የጎረቤት ልጆችን ጥሪ ብዬ ላክኋትና ሽምብራ ልቆላ ተነሣሁ።