ስሙ የማይነገር ሥር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሐያት ከደሴ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ፋርማሲ ነው የምትማረው። «አክስቴ፣ አስተማሪያችን ቤተሰቦቻችን የሚያውቋቸውን የመድኃኒት ዕፅዋት መዝግባችሁ አምጡ ብሎናል። ብዙ አዲስ መድኃኒት የሚገኘው ከነሱ ነው አለ። አያቴ አዋቂ ነበሩ አይደል? የነገሩሽን ሁሉ ንገሪኝ» ትላለች። ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ፣ መዝሩዒያ ሰፈር ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ባሚያ እየቀነጠስኩ ነበር። ባሚያውን ትቼ ተነሣሁ። ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን ስመላለስ ዋልኩ፤ መቀመጫ አሳጣችኝ።

እንዲህ መቀመጫ ያሳጣኝ ነገር የሆነው በሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሳዑዲ ኾበር ከተማ፣ ዐዚዚያ ባሕሩ ዳር ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ የዚህን አገር ነሐሴ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ከበር ሲወጡ የሚፈላ ድስት የተከፈተብዎ ይመስላል። ጓደኛዬ ሰዓዳ ደግሞ ዐቅረቢያ ሰፈር ከአምስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖር ነበር። በየመን በኩል የገባች ናት፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የላትም፣ ባገኘችው ቤት በቀን ታጸዳለች። አንድ ጁምዓ ሩዝና ዓሣ ይዤላት ብሄድ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ምግቡ ገና ሲሸታት ፊቷን አዞረች።

«ሙስተሽፋ እንሂድ፣ ሐኪም ይይሽ» ብላት፣

«ይዘው ሊያባርሩኝ? ሞቼ ነው!» አለች።

የወፍ በሽታ ነው። የወፍ በሽታ ደግሞ የአባቴ ነገር ነው! አባቴ ወሎ፣ ሐርቡ አካባቢ የታወቀ መድኃኒተኛ ነበር። ከአገር ስወጣ የተወቀጠ ሥር በጨርቅ ቋጥሮ፣ ስሙን በጆሮዬ ሹክ ብሎ ሰጥቶኛል። «የወፍ በሽታ ቢይዝሽ በትንሿ ጣትሽ ጥፍር አንድ ጊዜ ብቻ፣ በማር። ከዚያ ሰባት ቀን ጠብቂ። ስሙን ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎኝ ነበር። በእኛ ዘንድ የመድኃኒት ስም ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉ ይሄዳል ይባላል። በጥፍሬ ለክቼ ሰጠኋትና ተመለስኩ።

እኔ ደግሞ አላህ ሲፈጥረኝ መጠበቅ የሚባል ነገር አልሰጠኝም። ሰባት ቀን! በማግስቱ ጠዋት አሠሪዬን ማዳምን ለምኜ ብሄድ ዓይኗ ያው ነው። አንሷት ነው ብዬ በሻይ ማንኪያ ሞልቼ ደገምኩላት። ብዙም ሳይቆይ ያስመልሳት ጀመር፤ ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ እግሯ አልሸከም አላት። በታክሲ ይዣት በረርኩና አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አስገባኋት።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ግሉኮስ ሰቅለውላት ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ጠጥታ ነው?»

«ማፊ ዶክተር፣ ምንም! ወላሂ፣ ውሃ ብቻ!»

በሐሰት ማልኩ፤ አላህ ይማረኝ። የማልኩት ግን ራሴን ላድን ብዬ አልነበረም። መድኃኒቱ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ስሙን ብጠራው እዚያው ይረክስና ትሞትብኛለች ብዬ ነው። የሚገድላት እሱ ራሱ መሆኑን ልቤ እየጠረጠረ! ኮሪደሩን ስመላለስበት ጽዳት ሠራተኛው ሰልችቶት ጥሎልኝ ሄደ። ሐኪሙ ሦስቴ ወጡ። «ልጄ፣ ኩላሊቷ እየደከመ ነው። የጠጣችውን ካላወቅኩ በግምት ነው የማክማት» አሉኝ። ሦስቴም ዝም አልኩ።

ጀምበር ስትጠልቅ፣ መግሪብ አዛን ሲል ሰዓዳ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ምን እንዳጠጣሽኝ እኔስ የት አውቄው! ንገሪያቸው እንጂ፤ ልጅ አለኝ እኮ፣ አንቺ ጨካኝ!»

«እንዶድ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሐኪሙ ስሙን አያውቁትም። ከቦርሳዬ ጨርቁን አውጥቼ የተረፈውን ዱቄት ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩና ናጥኩት። አረፋው እስከ አፉ ግጥም አለ። «ይሄ ሥሩ ነው፤ በፍሬው አገሬ ልብስ እናጥብበታለን» አልኳቸው።

«ሱብሃነላህ! ሳሙና ነው ያጠጣሻት?» አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «አንብቤበታለሁ፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ተክል ነው። ይሄ የታወቀው በእሱ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣው ሞቶ ሲገኝ ነው» እያሉ ነርሷን ሊጠሩ ሮጡ።

ሰዓዳ ዳነች፤ ተመስገን። ለወራት ግን ስልኬን አላነሣችም፣ አልፈርድባትም።

ለአባቴ ደወልኩ። «አባ፣ ስሙን ተናገርኩ» ብዬ አለቀስኩ። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ፣

«ስንት ሰዓት ዝም አልሽ?» አለኝ።

«ከቀትሩ ዙህር እስከ መግሪብ።»

«ያ ረቢ! ልጄ፣ ስሙን የምንደብቀው ልኩን የማያውቅ ሁሉ እየነቀለ ሰው እንዳይፈጅ ነው እንጂ፣ ሰው እንዲሞትበት ነው እንዴ? አንቺንማ ልኩን አስተምሬሽ ነበር።» ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለ። «ስትመጪ ሌሎቹንም አሳይሻለሁ። አሁን ይገባሻል።»

«አልፈልግም አባ! ሁለተኛ በዚህ እጄ አልነካም!»

ሁለት ጊዜ ለእረፍት አገር ገባሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጠዋት ጠዋት ዱላውን ይዞ በር ላይ ይቆምልኛል። እኔ ነቅቼ ሳለሁ እንቅልፍ የያዘኝ መስዬ እሸፋፈናለሁ። ቆሞ ቆሞ ብቻውን ወደ ጫካው ይሄድ ነበር። በሦስተኛው ስመለስ መቃብሩን አገኘሁ።

ትናንት የማውቀውን ለሐያት ላክሁላት፤ እንዶድን፣ የአባቴን ልክና እኔ ሰዓዳ ላይ የሠራሁትን ጥፋት። ወዲያው መለሰችልኝ፦ «ጎሽ አክስቴ! ሌሎቹስ?»

አዋቂዎቹ ምሥጢራቸውን ይዘው ሞቱ፣ ደብቀውን ሄዱ ሲባል እሰማለሁ። የእኔ አባት አልደበቀኝም፤ በር ላይ ቆሞ ጠብቆኛል። ይሄን ለልጅቷ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አላውቅም።