ያልወረደ ዋስትና

ሊይዙኝ የመጡት ኮት ስለካ ነው። ሰባተኛ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ እጆቼን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፤ ጋሼ ደግሞ ብብቴ ስር ጨርቁን በስፒል ያያይዛሉ። ጋሼ የምላቸው የወሎ ሰው ናቸው። ከሟቹ አባቴ ሱቅ ጎን ሲሰፉ እያየሁ ነው ያደግኩት። ኮቱ የባሕር ማዶ ኮት ነበር። ፓይለት ልሆን ነው፤ በሕልሜ ሳይሆን በእውኔ!

በንጉሡ ዘመን ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ተያዥ ያቀርባል። ሄዶ ቢቀር ወይም ቢያጠፋ፣ ሲፈለግ አቀርበዋለሁ ብሎ የፈረመለት ሰው ይጠየቃል። ከአጎቶቼ አንዱ ታምሜያለሁ አለ፤ ሌላው አገር ቤት ሄዷል አስባለ። ጋሼ ግን ሳልለምናቸው ሄደው በአውራ ጣታቸው ፈረሙልኝ።

ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? የበረራ ትምህርት ቤት መምረጤ ነው። እዚህ ተፈትኜ ቦታ አላገኘሁም፤ ከውጭ ግን ሦስት ትምህርት ቤቶች ተቀበሉኝ። የእንግሊዙ ዋጋው የማይቀመስ ነው። የግሪኩ ረከስ ይላል፣ ግን እሱንም ከየት አባቴ አምጥቼ? ሦስተኛው ምሥራቅ አውሮፓ ነው፤ ትምህርቱም ማደሪያውም ምግቡም በነፃ። ታዲያ ድሃ የቱን ይመርጣል? ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች ግን ኮሙኒስት አገር ማን ላከህ አሉኝ። ተማሪው በየመንገዱ የሚጮኽበት ሰሞን ስለነበር ማንም ላይ እምነት አልነበራቸውም።

ሲቪል የለበሰው ሰውዬ የልጁ ተያዥ ማነው ሲል፣ ጋሼ ስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡና እኔ ነኝ አሉ። ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ አብረን ተወሰድን።

የጣቢያው ክፍል ጨለማ ነው። መስኮት በምትባለው ቀዳዳ የበርበሬ ተራ ብናኝ ይገባል፤ ገበያው ሲደራ ሁላችንም እናስላለን። የሌላው ሲያቆም የጋሼ አያቆምም። ከውጭ የተሸካሚዎቹ «ዞር በል! ዞር በል!» ይሰማል። ቤታችን እዚያው፣ አፍንጫችን ስር ነው፤ ያ ነበር የሚያንገበግበኝ። ጋሼ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ደግሞ ቀኝ እግራቸው ይንቀሳቀሳል። የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ነው። ያን እግር ማየት ስለማልችል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጠሯቸው። ሲመለሱ የተባሉትን ነገሩኝ፦ ልጁ አታሎኛል፣ ዋስትናዬን አውርጃለሁ ካሉ ዛሬውኑ ቤታቸው ይገባሉ።

«እና ምን አሏቸው?» አልኩ።

«ምን እላለሁ? አላወርድም አልኩ።»

ተናደድኩ። ከዚያም እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ሳላቸው እያነሳሁ። እሳቸው ሳቁብኝ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም? አብሽር። ይልቅ ንገረኝ፣ ከሦስቱ ሰማዩ የጠራው የየትኛው ነው?»

የግሪኩ ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው።

«እሱን ነበር መምረጥ። እኔም ሱቅ ስይዝ መጀመሪያ የማየው ብርሃኑን ነው።»

ወዲያው ሳላቸው ተነሳ። ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ። እኔም በቃኝ።

ዘበኛውን ጠርቼ መቶ አለቃው ፊት ቀረብኩ። የትም አልሄድም፣ የቱንም ትምህርት ቤት አልመርጥም አልኩት። የማይሄድ ሰው ተያዥ ምን ያደርግለታል፣ ሽማግሌውን ልቀቋቸው። ያን ሁሉ ዘመን አንጋጥጬ ያየሁትን ሰማይ በገዛ አፌ ዘጋሁት፤ ተመልሼ ስገባ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼን ፈቷቸው። በፍርግርጉ አያቸዋለሁ። መውጫው በር ጋ ደርሰው ቆሙና፣ ልጁስ ለመውጣት ምን ይፈለግበታል ብለው ጠየቁ። መቶ አለቃው ከአገር እንዳይወጣ፣ ሲፈለግም እንዲቀርብ ዋስ ይጠራል አለ።

«እኔ አለሁ» አሉ ጋሼ።

መቶ አለቃው ትክ ብሎ አያቸው። «ሽማግሌ፣ የታሰሩት ለሱ ዋስ ሆነው አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። አብሬው ታስሬ አየሁት፤ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ አውቀዋለሁ።»

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጫኑ። አብረን ወጣን፤ በርበሬ ተራን እስክናልፍ ድረስ ክንዴን ተደግፈው ሄዱ።

ኮቱን ጨረሱልኝ። ክረምቱን ግን አልዘለቁትም፤ ሳሉ ይዟቸው ሄደ።

ንጉሡም አለፉ፤ ያን ወረቀት የሚያውቅ ሹምም የለም። ጓደኞቼ ሂድ እንጂ፣ ማን ይይዝሃል ብለው ብዙ ወተወቱኝ። በተነሳሁ ቁጥር ያ እግር ይመጣብኛል፤ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ይረግጣል፣ ይረግጣል። አውሮፕላን መርካቶ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀና ይላል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ያን ዋስትና ማን ያውርደው? ባለቤቱ መቃብር ውስጥ ናቸው።

ሲፈለግ አቀርበዋለሁ ብለው ነው የፈረሙት። እስከዛሬ የፈለገኝ የለም። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።