አንካሳው አምበል

ያን ዓመት መካነ ሰላም ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ሥራ ያለው ይመስለኝ ነበር። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የለም። ስለዚህ አሰልጣኝ ሆንኩ።

ጨዋታው ፋንታሲ ይባላል። ስልክ ላይ ከእንግሊዝ ሊግ አሥራ አምስት ተጫዋቾች ትመርጣለህ። እነሱ እዚያ ሜዳ ላይ ባገቡ ቁጥር አንተ እዚህ ጋቢ ተከናንበህ ነጥብ ትሰበስባለህ። አምበል ያደረግከው ሰው ነጥቡ እጥፍ ነው፤ ያልፈለግከውን ደግሞ ሸጠህ ሌላ ትገዛለህ። ስልኩ የአክስቴ ነበር፤ ከአረብ አገር ይዛው የመጣችው። ኔትወርክ የሚገኘው ጓሯችን ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ስታየኝ «ለእኔም አንድ ቡድን ክፈትልኝ» አለች።

ሦስተኛው ተወዳዳሪ ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛዬ ነው፤ ከሱቁ ጎን ኳስ ያሳያል። ውርርዱን ያመጣው እሱ ነው፦ መጨረሻ የወጣ ሰው፣ አንደኛ ለወጣው የሙገሳ ግጥም ጽፎ ኳስ ቤቱ አግዳሚ ላይ ቆሞ ያነባል።

«በፈቃድህ ስታነብ አልሰማንህም፤ ተገደህ ስታነብ እንኳ እንስማህ» አለኝ።

እሱን ከማወደስ ደሴ ድረስ በእግሬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። ፀጉሬን እየቆረጠ ስለ ራሱ ማውራት ሲጀምር ግማሹን ፀጉር ሳይቆርጥ ረስቶ የሚተው ሰው ነው።

ስለዚህ የማይሰበር ቡድን ለመሥራት ቆረጥኩ። ጊዜው ሕዝቡ ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበርና እኔም ተጫዋቾቼን አንድ ለአምስት አደራጀኋቸው። አንዱ ካነከሰ የቡድን አጋሩ ይተካዋል፤ አንካሳው ወዲያው ይሸጣል። ርኅራኄ የለም።

አክስቴ ግን ሰው አትሸጥም። ሰው ታመመ ሲባል ከላላ ወረዳ ድረስ በበቅሎ ሄዳ የምትጠይቅ ሴት ናት። አንድ ቀን የአጥቂዋ ስም አጠገብ ጣቷን አደረገች።

«ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?»

«ጉልበቱን ታሟል ማለት ነው፣ እትዬ። እኔም ነበረኝ፣ ዛሬ ሸጥኩት። አንቺም ሽጪው።»

«የታመመ ይጠየቃል እንጂ ይሸጣል?»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«እኔም አረብ አገር ወገቤን ሲያመኝ አሠሪዬ እንዲሁ አድርጋ ነው ወደ አገሬ የላከችኝ። እሷም ጨዋታ መስሏት ይሆናል።»

ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «አብሽር፣ አፊያ ትሆናለህ» አለችው። ወደ እኔም ዞራ «አምበል አድርግልኝ፤ ባዶ እጄን አልጠይቀውም» አለች።

ሌላው ተጫዋቿ አባቱ ሞቶበት ከጨዋታ ሲቀር «እስከ አርባው እንዳትነካው» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ቡድኗ ግማሹ አልጋ ላይ፣ ግማሹ ለቅሶ ቤት ነበር። እኔ ስሸጥ ስገዛ ከረምኩ፤ የሸጥኩት ሁሉ በሳምንቱ ያገባል። እንዲህም ሆኖ ወደ መጨረሻው ቀን ስንደርስ ፀጉር አስተካካዩ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ፣ አክስቴ ሦስተኛ ነበርን፤ ልዩነታችንም ጠባብ ነበር። ከእሷ በላይ እስከቆየሁ ድረስ ከግጥሙ አመልጣለሁ።

በመጨረሻው ጨዋታ ያ አክስቴ አምበል ያደረገችው አጥቂ ከተጠባባቂ ወንበር እየተንጠራራ ተነሳ። ገባ። ሦስት ጎል አገባ።

ፀጉር አስተካካዩን አየሁት፤ እሱም አየኝ። እሱም ሸጦታል። ከኳስ ቤቱ ወደ ቤት ሮጬ አጥሩ ላይ ወጣሁ፦ አክስቴ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ፣ እኔ የመጨረሻ።

አክስቴ ኳስ ቤት ስትገባ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አግዳሚው ላይ ወጣሁ፦

ጤነኛ ስገዛ፣ በሽተኛ ስሸጥ፣
አክስቴ በአንካሳ ቀደመችኝ ስትሮጥ።

«ድገመው» አለ አንዱ ከኋላ። ግጥሜን ድገመው ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ደገምኩት። ደስታው ግን ቀጣዩን ስንኝ አስረሳኝ፤ አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

«ቀጥል እንጂ፣ አሰልጣኝ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ወንበሩን እየጎተተ።

አክስቴ ያን ጉልበቱን የታመመ አጥቂ ባጽናናችበት ድምፅ መለሰችልኝ።

«አብሽር የኔ ጌታ፣ አንተንም አልሸጥህም።»