አንድ ያመጣው ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኢኮኖሚክስና ፋይናንስ የሚባል ትምህርት ደረሰው። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ስጠይቀው «እኔም ገና እየፈለግኩት ነው» አለኝ። አባታችን «አቶ ለምን» ነው የሚለው። ዳቦ ለምን ተወደደ፣ ዝናብ ሲመጣ ታክሲ ለምን ይጠፋል እያለ ቤቱን ሲበጠብጥ ነው ያደገው።

የትምህርቱ አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ቀላቅለው ይማራሉ። ሦስተኛውን ዓመት ውጭ አገር ሄደው ይማሩታል። ከመመለሳቸው በፊት ደግሞ ለመጨረሻው ዓመት ወይ ኢኮኖሚክስን ወይ ፋይናንስን መርጠው ያሳውቃሉ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚኖር የሚወሰነው እዚያች ምርጫ ላይ ነው።

የእሱ ልብ የት እንዳለ እኛ ቤት የማያውቅ አልነበረም። ኢኮኖሚክስ ሲያነብ ተጠርቶ አይሰማም። ፋይናንስ ሲያነብ ግን ውሃ ሊጠጣ ይነሳል፣ ስልኩን ይነካካል፣ የእኔን መቀስ አንስቶ ያገላብጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከቤታችን በር አጠገብ ያለችው ክፍል ናት። የሚያጠናውም እኔ ጋ፣ ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነበር።

ሄደ። ረጅም ኮሪደር ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ሰጡት። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ለየተማሪው አንድ አንድ መደርደሪያ ተመድቧል። ለአዲስ ገቢዎች ስለ ትምህርቱ አሠራር ገለጻ ሲደረግ እሱ የሌላ ሰው ክፍል ቁልፍ ተሰጥቶት ከጥበቃው ጋር በእጅ ምልክት ይጨቃጨቅ ነበር። ገለጻው አመለጠው። ምን ቁም ነገር ይኖረዋል ብሎ ተወው።

አንድ እሁድ ከሰዓት ደወለና የጥያቄ መዓት አወረደብኝ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ዋጋ ቀድመሽ የምትጨምሪው አንቺ ነሽ ወይስ ጎረቤትሽ? የቆየች ደንበኛሽ ላይስ ትጨምሪያለሽ?

«ምን ነካህ፣ ግብር ልታስከፍለኝ ነው እንዴ?» አልኩት።

ሳቀ። ለኢኮኖሚ ታሪክ ኮርስ ስለ ሰፈር ልብስ ሰፊዎች ጽሑፍ እያዘጋጀ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እኔን ብሎ የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ውጤት ወጣ። በዚህ ጽሑፍ አንድ አመጣ። ቀመሩን ሸምድዶ በገባበት የፋይናንስ ፈተና ደግሞ አራት። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ አራት ማለት ጣሪያ ነው፤ ከእሱ በላይ ውጤት የለም። አንድ ያመጣ ልጅ ደግሞ ሻንጣውን ማዘጋጀት ቢጀምር ይሻለዋል።

እናቴ የአራቷን ዜና ይዛ ሰፈሩን አዳረሰችው። ባንክ የሚሠራው አጎታችን «በቃ፣ ፋይናንሱን ጨርሶ እኔ ጋ ይምጣ» አለ። ወንድሜ ግን ግራ ገባው።

«እትዬ፣ የምወደውን ወደቅኩ፤ የማልወደውን ደፈንኩ» አለኝ። «ራሴን አላውቀውም ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄልህ» አልኩት።

ጽሑፉን ያረመችው መምህርት ባገኘችው ቁጥር ፈገግ እያለች «ቢሮዬ ብቅ በል» ትለዋለች። አዘነችልኝ ብሎ መንገድ ይቀይርባት ጀመር። ካፍቴሪያ ስትገባ ካያት ምሳውን ትቶ ይወጣል። ጎረቤቱ የሆነው የሂሳብ ተማሪ አራቷን አይቶ «ተርፈሃል» ሲለው፣ ቅናት ነው ብሎ አለፈው። ስለ ጽሑፉ ስጠይቀው ወሬ ይቀይርብኛል። ሙያዬ አሳፍሮት ነው ብዬ ተቀየምኩት። እሱ ደግሞ እወደዋለሁ ያለውን ማመን አቅቶት፣ ማንበቡንም ፈራ። በመጨረሻ ፋይናንስን መርጦ አሳወቀ።

ሊመለስ ሲል የተዋሳቸውን መጻሕፍት ታቅፎ ቤተ መጻሕፍቱ ሊፍት ውስጥ ገባ። በሩ ሊዘጋ ሲል መምህርቷ ተከትላው ገባች። የሚሸሽበት ጠፋ።

«ለምን ሸሸኸኝ?» አለችው።

«አንድ በማምጣቴ አፍሬ ነው። ይቅርታ፣ ወደፊት እበረታለሁ» አላት።

ሊፍቱ ቆሞ ተከፈተ። ሁለቱም አልወረዱም። ከክፍሉ አንድ ያመጣው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ጽሑፉን አብረው ሊያሰፉት ስትጠብቀው እንደከረመች እዚያው ቆማ ነገረችው። እዚያ አገር ለካ ውጤት የሚቆጠረው ተገልብጦ ነው። አንድ ጣሪያው ነው፤ አራት ለጥቂት ከመውደቅ የተረፈ ነው።

ቤት መጥቶ ራት ላይ ሲነግረን መጀመሪያ በሳቅ ሞትኩ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው፤ በገዛ ደስታው ሲያፍር ነው ዓመቱን የፈጀው። እናቴ የቸገራት ሌላ ነው።

«እና አሁን ለጎረቤት ምን ልበል? አንድ ከአራት ይበልጣል ልበል?»

«ምንም አትበይ» አለ አጎታችን። «አራት አራት ነው። ባንኩ ወዴት እንደሚቆጠር አይጠይቅም።»

በማግስቱ ያልተዘመዘመ ዩኒፎርም ጠረጴዛ ላይ ጥዬ አብሬው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋ ሄድኩ። ቢሮው ጠባብ ስለሆነ ጉልበታችን ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። ኃላፊው ታሪኩን ሰምቶ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«የምርጫው ስም ዝርዝር ከሰዓት ነው የሚላከው። ሁለቱንም አልፈሃል፤ እስከዚያ መቀየር ትችላለህ። የትኛውን ትፈልጋለህ?»

«መምህርቷ ኢኮኖሚክስ ቀጥል ብላኛለች።»

«እሷን አልጠየቅኩም።»

«አጎቴ ግን ባንክ...»

«አጎትህንም አልጠየቅኩም።»

ወንድሜ ዞሮ እኔን አየኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። እሱም «አላውቅም» አለ። «አንድ ማለት ጥሩ መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ፣ የምወደው ትምህርቱን ይሁን ውጤቱን መለየት አቃተኝ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሳ። «እንግዲያው ፋይናንሱ እንዳለ ይቆ...»

«አይሆንም» አለ ወንድሜ፣ ሰውየው ሳይጨርስ። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለወጣ ራሱም ደነገጠ።

ኃላፊው ፋይናንስ የሚለውን ሰረዘው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን ጠረግኩ። ወንድሜ ከሄደበት የተመለሰልኝ ገና ያን ጊዜ ነበር።