ነጭ ጽጌረዳ በቀዶ ጥገናው ዕለት

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት እናቴ የምትሠራበት ቤት አባወራ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ቤታቸው እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ነው። የእናቴን የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማዋን፣ በየዓመቱ የሚያሳድስላት እሱ ነበር። እሱ ከሞተ ሚስቱ ቤቱን ዘግታ ወደ ልጆቿ እንደምትሄድ፣ እናቴም ያለ ሥራና ያለ ወረቀት እንደምትቀር ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ፈርተን ስለነበር አላወራንበትም።

በቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት እናቴ ደወለችልኝ።

«የመዳም ዘመዶች ሁሉ አበባ እየላኩላት ነው፤ እኛም እንላክ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ትርጉሙን አይተሽ ምረጪ። እኔማ ብሆን ቢጫ ነበር የምልከው፣ አደይ ይመስላል።»

ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር አንድ አበባ ቤት ቆሜ ትርጉሙን ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ቢጫ ቅናት ነው ይላል። ቀይ ፍቅር ነው፤ እሱን ደግሞ አሠሪ ቤት መላክ አፈርሁ። ነጭ ንጽሕናና ጤና። እናቴም በበዓል የምትለብሰው ነጠላ ነጭ ነው። ስለዚህ ነጭ ጽጌረዳ አስጠቀለልሁ፤ የሱቁ ሰው በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ ወደ አል-ጣኢፍ ይዞት ሄደ። እኔም ደህና አድርጌ እንደመረጥሁ አምኜ ወደ ቡሪ፣ ወደ ቤታችን፣ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀመጠች። የተጠቀለለችበት ልብስ፣ ቶቧ፣ ምንም ጌጥ የሌለው ነጭ ነው፤ እጇ ላይ ሒና የለም። ባሏ እንደሞተባት ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ሱዳናዊው አባቴ ሲሞት አክስቶቼ ለእናቴ ያለበሷት እንዲህ ያለ ቶብ ነበር።

ባሏ ቀዶ ጥገና ላይ ላለ ሴት የሐዘን ቀለም ልኬላታለሁ።

እዚህ እንደሚደረገው ጣቴን አጩኼ ሚኒባሱን አስቆምሁና ወደ አል-ጣኢፍ ረክሻ ያዝሁ። «ያላ፣ ያላ» እያልሁ ነጂውን አጣደፍሁት። እናቴ ጋ ብደውል አታነሳም። ምናልባት የቤቱ ሴትዮ አባርራት ይሆናል፤ ምናልባት የኔ አበባ መጥፎ ገድ ሆኖበት ሰውየው ሞቶ ይሆናል እያልሁ መንገዱን ጨረስሁት።

እናቴ በሩን ስትከፍት እጇ እስከ አንጓዋ ቀይ ነበር። ደም መስሎኝ ጮኽሁ።

«ዝም በይ! ከርከዴ ነው።»

እየጎተተች ኩሽና አስገባችኝ። በሩን የምትከፍተው እሷ ስለሆነች አበባውን ሳሎን የሆስፒታሉን ስልክ ስትጠብቅ የነበረችው ሴትዮዋ ሳታየው ተቀብላዋለች። አሁን ነጭነታቸው እንዲጠፋ ጽጌረዳዎቹን አንድ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀዩ የከርከዴ ሻይ ትነክራለች።

«ነጭ ላኪ ያለሽ ስልክሽ ነው?»

«ጤና ነው ይላል፣ እማ።»

«ስልክሽ ባል ሞቶበት አያውቅማ! ያላ፣ ያዢ።»

አበባው ቦታ ቦታ ሮዝ፣ ቦታ ቦታ ነጭ ሆኖ ዝንጉርጉር ወጣ። የሚያምር አልነበረም። ይህን እያየሁ ሳለ ሴትዮዋ የኩሽናው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። እንቅልፍ ያላየ ፊቷ ወደ ሳህኑ፣ ከዚያ ወደ እናቴ እጅ ዞረ።

«መዳም፣ ይቅርታ፣ ልጄ ናት፣ አላወቀችም...» አለች እናቴ በዐረብኛ።

ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ ሳይነከር የቀረውን አንድ ነጭ ጽጌረዳ አነሳች።

«ይቺ ቀርታለች» ብላ ራሷ ከርከዴው ውስጥ ደፈቀችው።

ሳሎን ስልክ ጮኸ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

«አንሺልኝ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። እኔ አልችልም» አለቻት።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሄደች። ኩሽና ሆነን «አይዋ... አይዋ...»፣ አዎ አዎ፣ ስትል እንሰማታለን፤ ሌላ ቃል የለም። ስትመለስ ከድንጋጤዋ የተነሳ ለእኔ በአማርኛ ተናገረች።

«ነቅቷል።»

ሴትዮዋ አማርኛ አትችልም። ጽጌረዳውን ከከርከዴው ሳታወጣ የተባለውን ከፊቴ ልታነብ ታየኝ ነበር።